አንድ ቤት፣ ሁለት ስኳር

እኛ ቤት ሁለት ስኳር አለ። አንዱ የእማዬ፣ አንዱ የእህቴ ልጅ የማሙሽ። እማዬ ስልሳን አልፋለች፤ ኪኒን ትወስዳለች። ማሙሽ 14 ዓመቱ ነው (ማሙሽ መባሉን ከጠላ ቆየ፤ ግን ማን ሰምቶት)። ጠዋትና ማታ ራሱን በመርፌ ይወጋል። ካርዳቸው ላይ ግን የሁለቱም «ስኳር» ይላል።

ጣጣው የጀመረው ከዚህ ስም ነው። ማሙሽ ከሆስፒታል በወጣ በወሩ አንዲት የሠፈራችን እናት ቡና ላይ፣ «አያቱ በኪኒን ደህና ሆነው የለ? ይህን አንድ ፍሬ ልጅ በመርፌ ምን ያሠቃዩታል?» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። እህቴም ልቧ ሸፈተ። መርፌውን ትታ ሦስት ቀን ከእማዬ ኪኒን እየቆረሰች ሰጠችው። በአራተኛው ቀን ልጁ እያስመለሰው፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ተረፈ።

ያቺ ሦስት ቀን ሌላ ቤት እንዳትደገም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እኔ የማወራው ከሐኪም ክፍል ወጥታችሁ ቤት ስትገቡ ስላለው ኑሮ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ምሳሌዬም የጎጃም ነው።

1. «የትኛው ስኳር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ጠይቃችሁ መልሱን ካርዱ ላይ አስጽፉ። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይለያያል።

ዓይነት 1 የሚባለው የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን፤ ዓይነት 1 ላይ እውነትም ቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ነገር) የሚሠራው ክፍል ያልቃል። ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል። ስኳር በመብላት አይመጣም፤ እናትም ራሷን አትውቀስ። ኪኒን አይተካውም። የኢንሱሊን መርፌው ለዚህ ሰው እንደ እህል ውኃ ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1922 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ነው። ልጁም የማሙሽ እኩያ፣ የ14 ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር።

ዓይነት 2 ሌላ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ይሠራል፣ ሰውነት ግን እሺ አይለውም። በር ይንኳኳል፣ የሚከፍት የለም። ዕድሜ፣ ክብደትና ዘር ያመጡታል። በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በኪኒን ይያዛል። ከዓመታት በኋላ ቆሽቱ ሲደክም መርፌ ሊታዘዝ ይችላል። «መርፌ ከተጀመረ ሰውየው አለቀለት» የሚባለው ወሬ ነው። መርፌ የተጀመረው ኪኒኑ ብቻውን ስላልቻለ ነው።

የእርግዝና ስኳር በእርግዝና ጊዜ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይሄዳል። ምርመራው በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል ነው። ከወለደች በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ትመርመር። «ጠፋልኝ» ብላ የተወችው ሴት ኋላ ዓይነት 2 የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰው ይበልጣል። የአራስ ገንፎውም ቅቤና ማሩ ቀለል ይበል።

ገጠር ላይ አንድ ሌላ ሰው ታያላችሁ፤ በጣም የከሳ፣ በልጅነቱ ምግብ ያጠረው ወጣት። ስኳሩ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ሁለቱንም በደንብ አይመስልም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በ1985 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ ለይቶት ነበር፤ በ1999 ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ዓይነት 5 ብሎ ተቀበለው። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ «ምግብ ቀንስ» አትበሉት። እሱ የሚያስፈልገው በሐኪም ምክር የተሻለ ምግብ ነው።

2. ቁጥሩን ልመዱ

በባዶ ሆድ 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ስኳር ነው። ሽንት ማብዛት፣ ውኃ ጥምና መክሳት ኖሮ በማንኛውም ሰዓት 200 ካለፈም እንዲሁ። ሕክምና ላይ ላለ ጎልማሳ በብዛት የሚፈለገው በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ሐኪም የተለየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከ70 በታች የአደጋ ደወል ነው።

ከመለካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አድርቁ። አንድ ቀን ማሙሽ «340 ሆነብኝ!» ብሎ ቤቱን አሸበረው። እህቴ መርፌ ልትጨምር ብልቃጥ ስታነሣ ጣቱን አየሁት፤ ማንጎ ልጦ ነበር። ታጥቦ ሲለካ 150። የጣቱ ማንጎ ነበር የተለካው።

ስትወጉ የጣቱን ጎን ውጉ። ዳር ዳሩ ብዙ አያምም። የስትሪፑን (ደሙ የሚነካውን የመለኪያ ወረቀት) ዕቃ ወዲያው ክደኑ፤ እርጥበት ያበላሸዋል። በጣም ሲበርደው ወይ ሲሞቀውም ቁጥሩ አይታመንም። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች ሰዓት እየለዋወጣችሁ ለኩ። ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ እንዲህ እንዲህ። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው ስለ ከሰዓቱ ምንም አያውቅም። መርፌ የሚወጋ ግን ቢያንስ ከመወጋቱ በፊት ይለካ። ደብተር ላይ ጻፉና ለቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ።

3. መርፌ አወጋግ

እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዘው ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ነው። ሬጉላር የሚባለው እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ቶሎ ይሠራል፣ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር ይወጋል። ኤንፒኤች ወተት ጠብ ያለበት ውኃ ይመስላል፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ ለብዙ ሰዓት ይሠራል። ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ብልቃጥ የሚመጡበትም አለ። የጠራው ከደፈረሰ፣ የደፈረሰው ደግሞ ተንከባሎም እንደ እርጎ ከተቋጠረ ጣሉት።

እጅ ታጠቡ። ኤንፒኤቹን በሁለት መዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል አንከባሉት። አትናጡት፤ ወተት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ የምትወስዱ ከሆነ የጠራው ይቀድማል። መጀመሪያ የኤንፒኤቹን ያህል አየር ኤንፒኤች ብልቃጥ ውስጥ ከትታችሁ መርፌውን ንቀሉ። ቀጥሎ የሬጉላሩን ያህል አየር ሬጉላር ውስጥ ከትታችሁ ሬጉላሩን ሳቡ። በመጨረሻ ኤንፒኤቹን ሳቡ። አረፋ ካለ ሲሪንጁን በጣት ጠቅ ጠቅ አድርጉትና አስወጡት።

ሆድ ላይ ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ ብሎ፣ ወይም የጭን ውጪውን ጎን። ቆዳውን ቆንጠጥ፣ ወጋ፣ ቀስ ብሎ ገፋ፣ እስከ አሥር ቆጥሮ ማውጣት። ቦታውን በየቀኑ ቀያይሩ። ማሙሽ መጀመሪያ ሰሞን አንዲት «የማታመው» ቦታ አግኝቶ እሷኑ ብቻ ሲወጋ ከረመ። ቦታዋ አብጣ እንደ ዶሮ እንቁላል ሆነች፤ ስኳሩም ያለ ምክንያት አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ይል ጀመር። እዚያ እብጠት ውስጥ የገባ ኢንሱሊን መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም።

ጠዋት የተወጋ ኤንፒኤች እኩለ ቀን ገደማ ኃይሉ ይበረታል። ስለዚህ መርፌ የተወጋ ልጅ ምሳ አይዘለልም። ክፍል ውስጥም ቢሆን ቆሎ ወይ ዳቦ እንዲበላ ለአስተማሪው ቀድማችሁ ንገሩ። የአረም ሰሞን ወይ ኳስ የሚጫወትበት ቀን ስኳር ይበልጥ ስለሚወርድ፣ መጠኑን እንዴት እንደምታስተካክሉ ሐኪሙን ጠይቁ።

ያገለገለውን መርፌ ወፍራም የዘይት ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙና ለጤና ጣቢያ መልሱ። ቆሻሻ ላይ የተጣለ መርፌ የሰው ልጅ እግር ይወጋል።

4. ብልቃጡን ከሙቀትና ከውርጭ መጠበቅ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ማለትም ፍሪጅ ውስጥ፣ ግን በረዶ ቤቱ ጋ አይጠጋ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ፍሪጅ ለሌለው ሸክላ አለለት። አንድ ሰፊ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጡ። በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና በውኃ አርሱት። ብልቃጡን በደንብ በታሰረ ፌስታል አድርጋችሁ ማሰሮው ውስጥ አስቀምጡ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አኑሩት። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውኃ ጨምሩ። እንሥራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው እንደዚሁ ነው። በበጋ ጥሩ ይሠራል። ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ያን ያህል አያቀዘቅዝም፤ ደግነቱ ክረምት ደጋው እንደሁ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ጮቄ ግድም ያላችሁ ደግሞ የምትፈሩት ውርጭ ነው። ሌሊት መስኮት ሥር አታስቀምጡት።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መድኃኒቱን ፖርቶመጋላ ላይ በሚጫን ሻንጣ አትክተቱ። ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ያለውን ወበቅ ታውቁታላችሁ። በእጅ ቦርሳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እግር ሥር። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም ስላለ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል አትነሡ። የአንድ ወር ትርፍ ለመያዝ ሞክሩ።

5. ኪኒን

ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ሆድ ያውካል። መጀመሪያ ሰሞን ቢያስቀምጥም ብዙውን ጊዜ ይተዋል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ስኳር የመጣል ኃይል አለው፤ ወስዶ ሳይበሉ መዋል አደጋ ነው። የምትወስዱት የትኛው እንደሆነ ስሙን እወቁ። «ነጭዋ ኪኒን» መልስ አይደለም። ሁሉም ነጭ ነው።

6. ገበታ ላይ

ፈተናው እዚህ ነው። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደበላ ማን ያውቃል? እማዬ ያገኘችው ዘዴ ቀላል ነው። ድርሻዋን በራሷ ሳሕን ታወጣለች። አንድ እንጀራ፣ ጎመን በርከት፣ ሽሮ ወይ ምስር መጠነኛ። መጀመሪያ ከወጡና ከጎመኑ ትጀምራለች፤ እንጀራው ይከተላል። ልማዱን ለማስረዳት ሁለት ወር ፈጀባት። «ተቀየመችን እንዴ?» ያላት ዘመድ ብዙ ነው።

እንግድነት ስትሄዱ «በሞቴ!» ይመጣል። ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። አንዷን ጎርሳችሁ «ስኳር አለብኝ፣ የቀረውን በዓይኔ ጠገብኩ» በሉ። መደበቅ ነው የሚጎዳው።

የዳጉሳ እንጀራ ስኳር አያመጣም የሚሉ አሉ። ዳጉሳም፣ ጤፍም፣ በቆሎም፣ የአዊ ድንችም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ዋናው መጠኑ ነው። ማርን በተመለከተ ጎጃሜን ማሳመን ከባድ ነው፤ «ማር እኮ መድኃኒት ነው!» ነው መልሱ። የማር ስኳር ስኳር ነው። ሌላው ደግሞ፣ ስኳር ጣፋጭ ስለሆነ መራራ ቅጠል ያጠፋዋል የሚል ሒሳብ አለ። ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ሒሳብ የለም። አንዳንዱ ቅጠል ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል።

ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ። ምላስ ይለምዳል። አረቄ ግን በተለይ መርፌ ወይ ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ ክፉ ነው፤ ስኳሩን ይጥላል። ይባስ ብሎ የወደቀው ሰው አረቄ ስለሚሸት «ሰክሮ ነው» ብለው ትተውት ያልፋሉ።

7. ስኳር ሲወርድ

ፍልሰታ ነበር። እማዬ ጠዋት ኪኒኗን ውጣ ቅዳሴ ሄደች። ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ የማይገናኝ ነገር መናገር ጀመረች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «ተለክፋ ነው» ብለው ጠበል ይረጩባት ጀመር። ማሙሽ ከወንዶች በኩል አይቷት መጣ። ምልክቱን ከራሱ ያውቀዋል። ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ስኳር በፌስታል ቋጥሮ ይይዛል፤ በጠበሉ በጥብጦ አጠጣት። ከሩብ ሰዓት በኋላ «ምን ሆኜ ነው?» አለች።

እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ ንዴት፣ መወላገድ ካያችሁ ለኩ። መለኪያ ከሌለ አትጠብቁ። ሦስት ወይ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም አንድ ትልቅ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። (ማሩ መድኃኒት የሚሆነው ይኼኔ ነው።) 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻለ ድገሙ። ሲሻል እንጀራ ወይ ዳቦ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ይታነቃል። በጎን አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

8. ጾምና ጠበል

ሁለት ነገር ለዩ። ከሥጋና ከወተት መከልከል ለስኳር ሰው ችግር የለውም። አደጋው ሰዓት መቆጠሩ ነው። መርፌ የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ካለ ስኳሩ ይጥለዋል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በግድ ጹም አትልም፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የእማዬ ንስሐ አባት ካርዷን አይተው፣ «በጠዋት ቁርስሽን ብይ፣ ከዚያ መጥተሽ አስቀድሺ» አሏት። ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን ላይ ለሕመምተኛ ፈቃድ አላቸው፤ መጾም የሚፈልግ ከጾሙ በፊት ሐኪም ጋ ሄዶ የመድኃኒቱን ሰዓት ያስተካክል።

ጠበል ጠጡ፣ ተጠመቁ። መርፌውን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበል ቦታ ሰባት ቀን ያለ መርፌ የሚቆይ የዓይነት 1 ልጅ ማሙሽ የደረሰበት ይደርስበታል።

9. ጉንፋን ወይ ተቅማጥ ሲመጣ

ሲታመሙ ስኳር ይጨምራል፤ ባይበሉም እንኳ። ስለዚህ «ምግብ አልበላም» ተብሎ የዓይነት 1 መርፌ ጨርሶ አይቆምም። ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ መለካት፣ መጠኑን ሐኪም መጠየቅ። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት መሽተት ከመጣ አንድም ሰዓት ሳታጠፉ ሆስፒታል። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር፣ የቀረባችሁ ጋ። ደህና በሆናችሁበት ጊዜም በዓመት አንዴ ዓይንን፣ በሽንትና በደም ኩላሊትን፣ በየቀጠሮው ደም ግፊትን አስመርምሩ። ሳያምም ነው የሚጎዳው።

10. እግር

ባለፈው ታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ እማዬ እግሯን ወደ ምድጃው ዘርግታ ትሞቃለች። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ካልሲዋ ጫፍ ላይ ጭስ ነበር። አውራ ጣቷ ውኃ ቋጥሯል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ቁስሉ ስድስት ሳምንት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። ባዶ እግር የለም፣ ቤት ውስጥም። ጫማ ከመደረጉ በፊት ተገልብጦ ይራገፋል፤ ጠጠርም ምስማርም ሊኖር ይችላል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል እንጂ ጥጉ አይገባበትም። ሲደርቅ ቅባት ይቀባል፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም። ያላመመ ቁስል ከሚያመው ይብሳል፤ ዛሬውኑ ለሐኪም ይታያል።

ማታ ማታ ማሙሽ የእማዬን እግር ያጥባል። በፊት ለእንግዳ የሚደረግ ነበር፤ አሁን የየቀኑ ሥራው ሆኗል። የውኃውን ሙቀት በክርኑ ይሞክራል። ያደርቅላትና የስልኩን መብራት አብርቶ በየጣቶቿ መካከል ያያል፤ ውስጥ እግሯን ያገላብጣል። እሷ ደግሞ ከላይ ሆና ትጠይቀዋለች።

«ተወጋህ?»

«አዎ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«ትናንትም በግራ ነበር» ትለዋለች። ሸሚዙን ገልጦ ያያል። እውነቷን ነው።